የሸምሲን በትር ያላየሁባቸው ዓመታት

የበደለኝ ሰው አቶ ደምሴ ይባላል። ያን ጊዜ ሮቤ ውስጥ በነበርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ ትምህርት ክፍል ተጠሪ ነበር፤ ዛሬ ወንበሩ ከፍ ብሏል። የበደለኝ ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ፣ በሚያዝያ፣ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ፣ አራት ሰው ተቀምጦ አንዲት ተማሪ በቆመችበት ነው። ልጅቷ ሙሚና ትባላለች። ከእኔ ይልቅ የተበደለችው እሷ ናት። እሷን የበደላት ግን ደምሴ ብቻ አይደለም። እዚያ ድረስ መሄድ ስለሚያስፈራኝ ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አሁንም ከሩቅ እጀምራለሁ።

ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛ አስተምሬአለሁ። ሰዋስውም ግጥምም አስተምሬአለሁ፤ ሰው የሚያውቀኝ ግን በአጭር ልቦለድ ትንተና ነው። ተማሪው አራት አምስት ገጽ ታሪክ ያነባል፣ ከዚያ ስለ ታሪኩ ሁለት ገጽ ይጽፋል። ሲሰሙት ቀላል ነው። አብዛኛው ተማሪ ግን ስለ ታሪኩ ጻፍ ሲሉት ታሪኩን መልሶ ይተርክላችኋል።

መጀመሪያ የተመደብኩት አንገቱ የምትባል የገጠር ከተማ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ድምፄ ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም፤ ቡና ሲደርስ ክፍሉ በግማሽ ይጎድላል። መጽሐፉ አንድ ስለነበር ታሪኩን ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፣ እነሱ የሰሙትን ይዘው ይጽፋሉ። አንዲት ተማሪ የአራት ገጹን ታሪክ በስድስት ገጽ ተርካ አመጣችልኝ፤ ደራሲው ያልገደላቸውን ሁለት ሰዎች ጨምራ ገድላለች። ሙሉ ሰጠኋት። ምን ላድርግ? እኔም ከኮሌጅ ስወጣ ትንተና ማለት የሌላውን ታሪክ ባማረ አማርኛ መድገም ይመስለኝ ነበር። ደመወዝ ስለሚዘገይበትና ስለዝውውር ማመልከቻ ብዛት አልጽፍም፤ መምህር የነበረ ሁሉ ያውቀዋል።

ሥራውን የተማርኩት ከአንገቱ ወደ ጎባ ስዛወር ነው፤ ያስተማረኝም ጋሽ ከድር ነው። የትምህርት ክፍሉ ተጠሪ እሱ ነበር። ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ሹራብ ይለብሳል፤ በቀኝ ኪሱ የገብስ ቆሎ አይጠፋም፣ በግራው እርሳስ። ቀይ እስክሪብቶ አይነካም። በመጣሁ በሳምንቴ፣ «ለተማሪዎችሽ የምታሳያቸውን ትንተና አንቺ ራስሽ ጽፈሽ አምጪልኝ» አለኝ። ተናደድኩ፤ አራት ዓመት አስተምሬአለሁ እኮ። ጽፌ ሰጠሁት። ሲመልስልኝ በዳርቻው ላይ በእርሳስ፣ በሰባት ቦታ፣ አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «የት?»

«ጋሽ ከድር፣ ይሄ እኮ ግልጽ ነው» አልኩት።

«ለማን?»

«ለሚያነብ ሰው ሁሉ።»

«እኔ ማንበብ አልችልም እንዴ አስኩ? ኤሳቲ አርግቴ? የት አየሽው? መስመሩን አሳዪኝና እኔም ግልጽ ይሁንልኝ።»

ከሰባቱ የሁለቱን አሳየሁት። አምስቱን ከራሴ ነበር ያመጣኋቸው።

ሰሌዳው ላይ ሦስት ዓምድ ያሰምር ነበር። በመጀመሪያው «ምን አልክ?»፣ በሁለተኛው «የት አየህ?»፣ በሦስተኛው «ታዲያ ምን ይሁን?» ተማሪው በመጀመሪያው ዓምድ አንድ ዓረፍተ ነገር ካልጻፈ ሌላውን አያስነካውም። «ታሪኩ ስለ ድህነት ነው» ብሎ የጻፈን ተማሪ፣ «ገበያውም ስለ ድህነት ነው፤ ይሄ ታሪክ ስለ ድህነት ምን አለ?» ይለዋል። ሌላው ልማዱ ግን ከሁሉ ይበልጥ ያስገርመኝ ነበር። ያንኑ ታሪክ ሃያ ጊዜ ቢያስተምረውም፣ በየዓመቱ ከማስተማሩ በፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጁ ይገለብጠዋል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ዓይኔን አላምነውም፤ ያወቀውን ይዘላል» አለኝ።

እኔም ጋሽ ከድር ጡረታ እስኪወጣ ድረስ፣ ከወጣም በኋላ ለጥቂት ዓመት፣ እገለብጥ ነበር። ከዚያ ወደ ሮቤ ተዛወርኩ። እናቴ ጎባ ታማ ተኝታ ስለነበር በየቀኑ በሚኒባስ እመላለሳለሁ፤ ጠዋት ተሰልፌ፣ ማታ ተሰልፌ። መገልበጡን ተውኩ። ማንም አላየብኝም። ምክንያቴን የጻፍኩት እንዲታዘንልኝ አይደለም።

ደምሴ የመጣው ያኔ ነው። ወጣት፣ ፈጣን፣ ሰው አክባሪ። «እትዬ አስካለ፣ ማስታወሻዎን ያውሱኝ» አለኝ፤ አዋስኩት። ከዓመት በኋላ በኮምፒውተር ተጽፎ፣ በስሙ ተጠርዞ አየሁት። ዝም አልኩ። ተጠሪ ሲሆን «ወጥ እርማት» የሚባል ነገር አመጣ፤ ለእያንዳንዱ ታሪክ ከመምህሩ መምሪያ የተወሰደ አንድ መልስ ይዘጋጃል፣ ከዚያ የወጣ ተማሪ ቁጥር ያጣል። ይህንንም ዝም አልኩ። በዚያው ሰሞን የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ቀንሶ «ትርፍ መምህር» የሚባል ዝርዝር መውጣት ጀምሮ ነበር። በዝርዝሩ የገባ ሰው ራቅ ወዳለ ወረዳ ይመደባል። ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ተጠሪው ነው። እኔ ደግሞ የታመመች እናት አለችኝ። በየሰኞው ገና ከግቢው በር ስገባ ዓይኔ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው ይሮጥ ነበር፤ አዲስ ወረቀት ካየሁ ወደ ክፍል ከመግባቴ በፊት ሄጄ አነበዋለሁ።

ታሪኩ ይህ ነው። ከአንድ የተባዛ ስብስብ የመጣ ነው፤ የደራሲው ስም የለበትም። ሸምሲ የምትባል ባለትዳር ሴት አለች። ባሏ ይደበድባታል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ከበሩ ጀርባ ቀጭን በትሯን አንስታ ትወጣለች፤ በሩንም አትዘጋውም። የእኛ መልስ፣ «ሸምሲ ተስፋ ቆርጣ ሸሸች፤ በትሯም የድካሟ ምርኩዝ ናት» የሚል ነበር። ዘጠኝ ዓመት እንዲያ ብዬ አስተማርኩት።

የሙሚና ትንተና እንዲህ ብሎ ይጀምራል፤ «ሸምሲ አልሸሸችም፤ ከሰሰች።»

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ አባቷ ሮቤ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ። ያን ዓረፍተ ነገር ባየሁ ጊዜ ስልሳ ሉክ ከፊቴ ነበር። ታሪኩን አልገለጥኩትም፤ በቃሌ አውቀዋለሁ ብዬ ነዋ። በዳርቻው ላይ በቀይ እስክሪብቶ «የት?» ብዬ ጻፍኩ። ከሠላሳ አሥራ አንድ ሰጠኋት።

በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት የመምህራን ክፍል በር ላይ መጥታ ቆመች።

«ምን ፈለግሽ?»

«ቲቸር፣ ‹የት?› ብለው ጽፈዋል።»

«አዎ።»

«መልሱን ላምጣ ወይስ ቁጥሩ አልቋል?»

ድፍረቷ አናደደኝ። «አምጪ» አልኳት፤ እንድትሄድልኝ ነበር። አልሄደችም። የተባዛውን ታሪክ ከደብተሯ መሀል አወጣች።

«ይሄው ገጽ አንድ። ‹እናቷ በሠርጓ ቀን የሰጠቻት› ይላል። እናት ለሙሽራ ምን በትር ትሰጣለች ቲቸር? ገጽ ሦስት ላይ ደግሞ ባልየው ተቆጥቶ ዕቃውን ሁሉ ሲሰባብር በትሯን አይነካትም። እዚህ መጨረሻው ላይ ጎረቤቷ ስታያት ማሰሮዋን አስቀምጣ ትነሣለች። ለምን ተነሣች?»

«ለምን?» አልኳት። እውነቴን ነው የጠየቅኩት።

«ልትከተላት ነዋ! ሲንቄ እኮ ናት። ወላሂ ቲቸር፣ አክስቴ ሲንቄዋን ይዛ የወጣች ቀን ሰፈሩ በሙሉ ነው የወጣው። አጎቴ በሬ አርዶ ነው የታረቀው።»

ሲንቄ እናት ለምታገባ ልጇ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ባል ሲበድል ሚስት ሲንቄዋን ይዛ ከቤት ትወጣለች፤ ያዩዋት ሴቶች ሥራቸውን ጥለው ይከተሏታል፤ ሽማግሌ ተቀምጦ በደሏ ሳይካስ አይመለሱም። ይህን አላውቅም አልልም። ጎባ ነው የተወለድኩት። ሲንቄ የያዙ እናቶች ሲመጡ፣ ከሰሜን መጥቶ እዚህ የከተመው አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ መንገድ ሲለቅላቸው አይቻለሁ። ግን ያ ሁሉ በኦሮምኛ የማውቀው ነገር ነበር። አማርኛ ወረቀት ላይ ሳገኘው በትር ብቻ ሆነብኝ። የአማርኛ ታሪክ ያንን ይይዛል ብዬ አልጠበቅኩም። ሦስቱም ማስረጃ ከዘጠኝ ዓመት በፊትም እዚያው ነበር፤ አንድ ጊዜ በእጄ ብገለብጠው ኖሮ እጄ ያገኘው ነበር።

ማስረጃዎቹን አስገብታ ደግማ ጻፈችው፤ ሃያ ስምንት ሰጠኋት። ለዞኑ የተማሪዎች የጽሑፍ ውድድር ከትምህርት ቤታችን የሚላከው የእሷ እንዲሆን አቀረብኩ። ያሸነፈ ተማሪ በክረምት ለጽሑፍ ሥልጠና አዲስ አበባ ይሄዳል። አባቷን ለማስፈቀድ ሳምንት እንደፈጀባት በኋላ ነው የነገረችኝ። የረዳኋትን ልዘርዝር፣ ምክንያቱም ሁሉም የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛውን አንቀጽ ወደ ሁለተኛ አምጪው አልኳት። ሁለት ቦታ አራት ነጥብ ጨመርኩ። «በጣም» የሚለውን አራት ጊዜ ሰረዝኩ። ይኸው ነው።

ደምሴ ሁለቱንም ወረቀት አየ። በኮሪደሩ አስቆመኝ።

«እትዬ አስካለ፣ መልሱ እኮ ተወስኗል። አሁን ይቺን ሃያ ስምንት ስንሰጥ የሌላው ክፍል ተማሪ ምን ይላል?»

«ልጅቷ ልክ ናት።»

«ባለፈው ሳምንት ልክ አልነበረችም። በእጅዎ ጽፈዋል፣ ‹የት?› ብለው።» ሳቀ። «በዚህ ዕድሜዎ ለምን ራስዎን ያስጨንቃሉ? የትርፍ መምህር ዝርዝሩን ገና አልጨረስኩም። ሶፍ ዑመር ሞቃት ነው አሉ፤ ለጉልበትዎ ደግ ነው።»

እየሳቀ ስለሆነ ቀልድ ነው ማለት ይችል ነበር። ሁልጊዜ የሚናገረው እንዲያ ነው። ያን ሳምንት እናቴን ሳጥባት እንኳ ስለዚያ ዝርዝር ነበር የማስበው። ማን ያጥባታል?

ሐሙስ ርዕሰ መምህሩ ጠሩን። እሳቸው፣ ምክትላቸው፣ ደምሴና እኔ ተቀምጠናል። ሙሚና ከበሩ አጠገብ ቆማለች። ደምሴ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አደረገ።

«ይሄ አሥራ አንድ ነው። መምህርቷ ራሳቸው ማስረጃ የለውም ብለዋል። ይሄኛው በአምስት ቀን ውስጥ ሃያ ስምንት ሆኗል። ልጅቷ ናት በአምስት ቀን የተለወጠችው፣ ወይስ የሌላ ሰው እጅ ገብቶበታል? ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ለትምህርት ቤቱ ስም ብዬ ነው።»

ሙሚና «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች።

«ስትጠየቂ ትናገሪያለሽ» አሏት ምክትሉ።

ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር ቶሎ እንዲያልቅላቸው ይወዱ ነበር። ወደ እኔ ዞሩ። «እትዬ አስካለ፣ እርስዎ የሚሉትን እናምናለን። ምንድን ነው የሆነው?»

መናገር የነበረብኝ አጭር ነው። ‹ታሪኩን ዘጠኝ ዓመት ሳስተምር አልገባኝም ነበር፤ ያስነበበችኝ ይቺ ልጅ ናት።› ይህን ብል የሚጠፋው የእኔ ስም ነበር። በአጭር ልቦለድ የምታወቀው እኔ፣ በአራት ገጽ ታሪክ ውስጥ ያለች አንዲት በትር ያላየሁ እኔ። ደግሞም ደምሴ ፊት። ደግሞም ያ ዝርዝር።

«የመጀመሪያውን በችኮላ ነው ያረምኩት» አልኩ። «ሁለተኛው ላይ ደግሞ… ረድቻታለሁ። ማንኛውንም ተማሪ እንደምረዳው።»

«ይኸው» አለ ደምሴ በለሰለሰ ድምፅ። «ረድተዋታል።»

ሙሚና አየችኝ። አልተቆጣችም። የሚጨምሩት ነገር አለ ብላ ትጠብቅ ነበር። አልጨመርኩም።

ከውድድሩ ወጣች። «የራሷ ያልሆነ ሥራ አቅርባለች» የሚል ደብዳቤ ፋይሏ ውስጥ ገባ። አባቷ ተጠርተው ፈረሙበት፤ የሥልጠናው ነገርም በዚያው ቀረ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ምንም ነገር ጻፉ ስል ሁለት መስመር ጽፋ ትሰጠኝ ነበር። ሁለቱም መስመር ሁልጊዜ ልክ ነበሩ። የእኔ ስም ከዝርዝሩ ውጭ ሆነ። እናቴ በዚያው ዓመት ክረምት አረፈች።

በተከታዩ ዓመት ጎባ ላይ የመምህራን ሥልጠና ነበር። አሠልጣኙ ደምሴ ነው። የተባዛ ወረቀት ከፊት እየተቀባበልን መጣ፤ እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነኝ። ርዕሱ «ባህልን ማዕከል ያደረገ የአጭር ልቦለድ ትንተና» ይላል፤ አዘጋጅ፣ አቶ ደምሴ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር፣ «ሸምሲ አልሸሸችም፤ ከሰሰች።» ሦስቱም ማስረጃ በቅደም ተከተሉ አለ። ሦስተኛው አንቀጽ ወደ ሁለተኛ መጥቷል። ሁለቱ አራት ነጥቦቼ እንኳ አሉ። አጠገቤ የነበረ መምህር፣ «ይሄ ሰው ግን አንባቢ ነው» አለኝ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። እጄን አላወጣሁም። ምን ልል ነው? የልጅቷ ነው ካልኩ፣ ‹የልጅቷ እንዳልሆነ እርስዎ መስክረዋል› ይለኛል። ይህንን እሱም ያውቃል፤ ስለዚህ ነው እየተመለከተኝ ያነበበው።

ባለፈው ሰኔ ሸኙኝ። ጋቢ አለበሱኝ፤ ዳቦ ተቆረሰ፤ ለስላሳ ተከፈተ። ደምሴ ከአዲሱ ቢሮው ድረስ መጥቶ ንግግር አደረገ። «እኛ ወጣቶቹ አዲስ አነባበብ ስናመጣ» አለ፣ «እትዬ አስካለ በዚያች ቀይ እስክሪብቷቸው ‹የት?› ይሉን ነበር። ስለ ሲንቄዋም ስነግራቸው ‹የት?› ነው ያሉኝ!» ቤቱ በሳቅ ሞላ። አንዷ መምህርት ትከሻዬን እየመታች ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ጋቢው በሰኔ ይሞቃል፤ ላብ በጀርባዬ ሲወርድ እየተሰማኝ ሳቅሁ።

ሁለት ሳምንት ቤቴ ተቀመጥኩ። ያን ሐሙስ ያልተናገርኩትን በደብዳቤ ስጽፍ ቃላት እየመረጥኩ አምስት ጊዜ ቀየርኩት። ከዚያ ሮቤ ሄድኩ። ሙሚና ከአባቷ ሱቅ ጨርቅ ትለካ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አልመጣላትም።

«አካም ጅርቱ ቲቸር! ይግቡ፣ ይቀመጡ። ጨርቅ ነው?»

«አይደለም። የማስነብብሽ ነገር አለኝ።»

ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ ቆማ አነበበች። ደንበኛ መጣ፤ «ትንሽ ይጠብቁኝ አባባ» ብላው ማንበቧን ቀጠለች።

«ረስቼዋለሁ እኮ» አለችኝ።

«አልረሳሽውም።»

«አልረሳሁትም።» ወረቀቱን ጨርቁ ላይ አስቀመጠችው። «ይሄ ‹በስህተት› የሚለው ግን ይውጣ። የመጀመሪያው ቀን ስህተት ነው፤ እሺ። ሐሙስ ዕለት ግን አልተሳሳቱም። የት እንደጻፍኩት፣ እንዴት እንደጻፍኩት ያውቁ ነበር።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«የሆነውን ነዋ። እኔን ምን ይጠይቁኛል?»

ባንኮኒው ላይ፣ ደንበኛው እያየኝ፣ ሰረዝኩት። «ስለ ፈራሁ» ብዬ ጻፍኩ። ሙሚና አንብባ፣ «አሁን ይሁን» አለችና ወደ ጨርቋ ተመለሰች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ገለባበጠችው።

«እትዬ፣ ይሄ ማመልከቻ ነው ወይስ አቤቱታ?»

«ሁለቱም አይደለም። ያየሁትን የመሰከርኩበት ነው።»

«ለእንዲህ ያለ ነገር ፋይል የለንም።»

«በልጅቷ ፋይል ውስጥ ይግባ።»

ፈልጋ አወጣችው። የደምሴን ስም፣ የእኔን ስም፣ የሙሚናን ዓረፍተ ነገር የያዘውን ገጽ ከቀድሞው ደብዳቤ በላይ አደረገችው፤ በስታ አያያዘችው፤ ገቢ ብላ ማኅተም መታች። ፋይሉ መደርደሪያው ላይ እስኪመለስ ቆሜ ጠበቅኩ። ቅጂውን ተቀበልኩና ፖስታ ቤት ሄጄ ለደምሴ ቢሮ ላክሁት።